ቀለበት፣ ጥብጣብ፣ ባትሪ

«ሜዲኬር ፓዱን አይከፍልልዎትም፤ ኦፕራሲዮኑን ግን ይከፍላል» አለች ነርሷ።

አጎቷ የቀለደችባቸው መሰላቸው። በየወሩ ከኪሳቸው እያወጡ የሚገዙትን ፓድ የማይሸፍን መድን፣ በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠረውን ቀዶ ሕክምና እንዴት ብሎ ይሸፍናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የአሜሪካ አረጋውያን የሚታከሙበት መደበኛው ሜዲኬር ፓድና ዳይፐርን ከሕክምና ዕቃ አይቆጥራቸውም። ሽንት ለመቆጣጠር በሰውነት ውስጥ የሚተከለውን መሣሪያ ግን፣ ሐኪም አስፈላጊ ነው ካለ፣ ይቀበላል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ አዛውንት በፓድ ወጪ እየተንገበገበ እንደሚኖር ማሰብ ያሳዝናል።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ያለችው፣ ሐበሻ የበዛባት ከተማ። አዛውንቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት በውሃ መሥመር ሥራ ላይ ስለሆነ ቧንቧ፣ ቫልቭና ግፊት ምን እንደሆኑ የሚያስረዳቸው አያሻቸውም። ከዓመት በፊት በፕሮስቴት ካንሰር ምክንያት እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸዋል። ካንሰሩ ሄደ፤ ሽንታቸው ግን ከዚያ ወዲህ ያመልጣቸዋል። ቅዳሴ መቆም ከተዉ ወራት ሆኗቸዋል። ለምን ቀሩ ለሚላቸው «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ይላሉ። ባለቤታቸውም አራት ልጆች ከወለዱ ወዲህ ሲስቁና ሲያስነጥሱ ጠብ ይልባቸዋል፤ ለሐኪም ተናግረው አያውቁም። የአዛውንቱ የእህት ልጅ በአንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ናትና እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ዘወትር ታያለች። በዘመዶቿ ቤት ወሬው የተነሣው ግን ገና ዛሬ ነው።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚያመልጥዎት?»

«ሁልጊዜ ነዋ!»

«ሌሊት ተኝተውም?»

አዛውንቱ አሰብ አደረጉ። «ሌሊትስ ደህና ነኝ። ከተነሣሁ በኋላ ነው ጉዱ። ከወንበር ብድግ ስል፣ ሳስል፣ ዕቃ ሳነሣ።»

«ከማምለጡ በፊት ያጣድፍዎታል?»

«ኧረ እሱስ የለም። ሳላውቀው ነው የሚወጣው።»

ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፤ የሕክምናው መንገድ የሚለየው ግን በእነሱ ነው። ሽንት ማምለጥ አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም። አንደኛው ሆድ ሲጫን የሚመጣ ነው፤ መቆለፊያው ጡንቻ ደክሟልና የሳሉን፣ የሳቁን፣ የመነሣቱን ግፊት አይችለውም። ሁለተኛው የሽንት ፊኛው ራሱ ያለ ሰዓቱ ሲኮማተር የሚመጣ ነው፤ ሰውየው ድንገት ይጣደፋል፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ያመልጠዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ የሚደራረቡበት ጊዜ አለ። ለአንዱ የሚተከለው ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ የተሳሳተው የተተከለለት ሰው ኦፕራሲዮኑን ችሎ፣ ፓዱንም ሳይተው ይቀራል።

አዛውንቱ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ወንድ ልጅ ሽንቱን የሚይዘው በሁለት መቆለፊያ ነው፦ አንደኛው በሽንት ፊኛው አንገት ላይ፣ ሁለተኛው ከፕሮስቴት በታች። ፕሮስቴት ሲወጣ የላይኛው አብሮ ይነካል፤ ሥራው ሁሉ በታችኛው ላይ ይወድቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ፓትሪክ ዋልሽ የተባሉት ሐኪም ነርቮቹን ሳይጎዱ ፕሮስቴትን የማውጣት ዘዴ በ1982 ከጀመሩ ወዲህ የዚህ ቀዶ ሕክምና ጉዳት ቀንሷል። ሮቦትም መጥቷል። ያም ሆኖ ብዙው ወንድ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታትና ለወራት ያንጠባጥባል። አብዛኛው በዓመት ጊዜ ውስጥ ይደርቅለታል፤ የማይደርቅላቸውም አሉ።

«ስፖርቱን ሠርተዋል?» አለች ነርሷ። ሽንትን እንደ ማቆም አድርጎ የታችኛውን የዳሌ ጡንቻ መጭመቅና መልቀቅ ማለቷ ነው። በ1948 የሎስ አንጀለሱ ሐኪም አርኖልድ ኬግል ለወለዱ ሴቶች ብለው ያስተዋወቁት ይህ ልምምድ ዛሬም የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳዘዘችኝ።»

«ጎሽ። እንግዲያው ዓመት ጠብቀዋል፣ ልምምዱንም አድርገዋል። አሁን ስለዚህኛው ማውራት እንችላለን» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ግልጽ ፕላስቲክ ሣጥን አወጣች። ለሕመምተኛ ማሳያ የሚሆን ሞዴል ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ዕቃ ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስቱም ከሲሊኮን የተሠሩና በቀጫጭን ቱቦ የተያያዙ ናቸው። አንደኛው የሽንት ቧንቧን ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀለበት ነው። ለወንድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 4 ወይም 4.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በውስጡ ፈሳሽ ሲገባ ይወጠርና ቧንቧውን ይዘጋል። ሁለተኛዋ በታችኛው ሆድ ውስጥ የምትቀመጥ ኳስ ናት። ሦስተኛው በቆለጥ ከረጢት ውስጥ፣ ከቆዳው ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ፓምፕ ነው። አዛውንቱ ፓምፑን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ጨመቁት። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኳሷ ሲሄድና ቀለበቱ ሲላላ ታየ። ለቀቁት። ጥቂት ቆይቶ ቀለበቱ በራሱ ጊዜ መልሶ ተወጠረ።

«ማን ሞላው? እኔ አልነካሁትም» አሉ።

«ኳሷ ናት። ሁልጊዜ እየገፋች ነው። እርስዎ መሽናት ሲፈልጉ ብቻ በፓምፑ ያሸንፏታል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጥዎትና ቦታውን ታስመልሳለች።»

«ሮቶ በይኛ!» አሉ አዛውንቱ ፊታቸው በርቶ። «ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ቀን ከሌት የሚገፋ ሮቶ። ግፊቷ ስንት ነው?»

ጥሩ ጠየቁ። ኳሷ የምትሠራው በተወሰነ የግፊት መጠን ሲሆን፣ በብዛት የሚመረጠው ከ61 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ነው። አዛውንቱ እጃቸውን ከጠረጴዛው በላይ ዘርግተው ሰባ ሳንቲ ሜትር ለኩ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቺ ምን አላት? ሰው ሲያስል ከዚህ በላይ ይገፋል። ለምን ከፍ አላደረጉትም?»

«ደም ስለሚከለክል ነው፣ ጋሼ። ቀለበቱ በጣም ከጨመቀ የሽንት ቧንቧው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ይሳሳል፣ ቆይቶም ይበሳል። ስለዚህ ሥጋው የሚችለውን ያህል ብቻ ይጨመቃል። ኃይለኛ ሳል ሲመጣ ጠብ ልትል ትችላለች። ሐኪሞቹ ተሳካ የሚሉት በቀን ምንም ፓድ ወይም አንድ ፓድ ሲበቃ ነው። አንዲት ጠብታ አትወርድም ብሎ ቃል የሚገባልዎት ካለ አይመኑት።»

ይህን ዕቃ ለመሥራት የታሰበው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ስማቸው በየሆስፒታሉ ባለው የሽንት ማስወጫ ቱቦ፣ በካቴተር፣ ላይ የቀረው የሚኔሶታው ሐኪም ፍሬድሪክ ፎሊ በ1947 የሚነፋ መቆለፊያ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የእሳቸው ፓምፕ ግን ከሰውነት ውጭ የሚቀር ነበር። ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው የመጣው በ1972 ነው፦ የሂውስተኑ ቀዶ ሐኪም ብራንትሊ ስኮት፣ ከሚኔሶታ የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ብራድሌይና መሐንዲሱ ጄራልድ ቲም አብረው ሠሩት። የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት ፓምፕ ነበረው፤ በአንዱ ይዘጋሉ፣ በሌላው ይከፍታሉ። ሕመምተኛው ግፊቱን ራሱ እየገመተ ስለሚሞላ አብዝቶ መጭመቅ ይመጣ ነበር። ግፊቱን ለሰው እጅ ሳይተዉ ለኳሷ መስጠታቸው ነው ዕቃውን ዕቃ ያደረገው። ኤኤምኤስ 800 የተባለው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሞዴል ጥቂት ማሻሻያ ታክሎበት እስካሁን በሥራ ላይ ነው። አርባ ዓመት ገበያ ላይ የቆየ የሕክምና ዕቃ ብዙ አይገኝም።

የአዛውንቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከምድጃው ዘወር ብለው «ኋላስ? ተቀድዶ ወዲያው ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁ።

ወዲያው አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚያዝነውም እዚህ ላይ ነው። ቀዶው በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል አንድ፣ በታችኛው ሆድ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቁስል ይተዋል፤ ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወይም አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕቃው ግን ቁስሉ እስኪሽር ተከፍቶ ለስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሰውየው እንደ በፊቱ እያመለጠው ይሰነብታል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ተመልሶ ዕቃው ሥራ ሲጀምር፣ አጠቃቀሙንም ሲማር ነው ለውጡን የሚያየው።

ነርሷ አደጋዎቹን ሳትሸፋፍን ተናገረች። ኢንፌክሽን ከያዘው ሙሉ ዕቃው መውጣት አለበት፤ ዛሬ ላዩ ላይ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተነከረ ሞዴል ቢኖርም ስጋቱ ጨርሶ አልጠፋም። ቀለበቱ የሽንት ቧንቧውን ሊበሳው ይችላል፤ በተለይ በዚያ አካባቢ የጨረር ሕክምና ለወሰደ ሰው። ቱቦ ያፈስሳል፣ ፓምፕ ይበላሻል። ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙዎች የማስተካከያ ወይም የመቀየሪያ ቀዶ ያስፈልጋቸዋል።

«እጅዎን ያሳዩኝ» አለች በመጨረሻ።

አዛውንቱ ግራ ተጋቡ። እሷ ግን የምትፈልገውን ታውቃለች። ይህ ዕቃ የሚተከልለት ሰው ጣቱ ፓምፑን ፈልጎ መጭመቅ መቻል አለበት። ሪህ ጣቱን ያሰረው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም መርሳት የጀመረው ሰው በሽንት ተወጥሮ ፓምፑን ቢያጣውስ? ለእንዲህ ያለው፣ ማምለጡም ቀላል ከሆነ፣ የሽንት ቧንቧን ከሥር ደግፎ ወደ ላይ የሚያነሣ የወንዶች ጥብጣብ አለ። ፓምፕ የለውም፣ የሚጨመቅ ነገርም የለውም፤ ብዙ ለሚያመልጠው ሰው ግን አቅሙ አይደርስም። የአዛውንቱ ጣቶች ዕድሜ ልክ መፍቻ የጨበጡ ናቸው፤ ሞዴሉን እንደገና ሁለት ጊዜ ጨምቀው አሳዩዋት።

«የእኔስ?» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኔም እኮ ሲያስነጥሰኝ ነው።»

ባልየው ቀና ብለው አዩዋቸው። አርባ ዓመት በአንድ ጎጆ ኖረው አልሰሙም ነበር።

ለሴቶችም ሰው ሠራሹ ቀለበት አለ፤ ግን የሚታዘዝላቸው ጥቂቶች ናቸው። በዓለም ላይ ለሚሊዮኖች የገባው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው፣ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ ክር የተሠራ የመረብ ጥብጣብ። የስዊድኑ ኡልፍ ኡልምስተን ከአውስትራሊያው ፒተር ፔትሮስ ጋር ባዳበሩት ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በ1996 ይፋ ሆነ። ጥብጣቡ ከሽንት ቧንቧው መካከለኛ ክፍል ሥር ሳይጎትት ይነጠፋል፤ ሆድ ሲጫን ቧንቧው እሱ ላይ ያርፍና ይታጠፋል። መጀመሪያ ላይ የሚሠራው በአካባቢ ማደንዘዣ ነበርና ሴትየዋ ነቅታ ትተኛለች፤ ሐኪሙ «ያስሉ» ይላታል፣ ታስላለች፣ እሱም ጠብታው እስኪቆም ድረስ ጥብጣቡን ያስተካክላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀዶዎች ሆድ የሚከፍቱ፣ ቀናት የሚያስተኙ ስለነበሩ አዲሱ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

«ታዲያ ደህና ነዋ» አሉ እትዬ።

«ለብዙዎች ደህና ነው። ግን ሌላኛውንም ወገን ልንገርዎት፣ እትዬ።»

ነገሩ የተበላሸው ኩባንያዎች ያንኑ ክር በሰፊው ሸምነው ለማህፀን መውጣት ሕክምና ማቅረብ ሲጀምሩ ነው። ሰፊው መረብ በብልት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲኮማተር፣ ሥጋውን በልቶ ብቅ ሲል ሴቶች መቀመጥ እስኪሳናቸው ታመሙ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ስቃይ ሆነባቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 አስጠነቀቀ፤ በ2011 ጉዳቱ አልፎ አልፎ የሚታይ አይደለም አለ፤ በኤፕሪል 2019 ለማህፀን መውጣት በብልት በኩል የሚገባው መረብ ከገበያ እንዲወጣ አዘዘ። በፍርድ ቤቶች የቀረበው ክስ ከ100 ሺህ በለጠ። ለሽንት የሚሆነው ቀጭኑ ጥብጣብ በአሜሪካ አልታገደም፤ ዛሬም ይሠራል። እሱም ቢሆን ግን ከቅሬታ አላመለጠም። እንግሊዝ በጁላይ 2018 የሽንቱንም ጥብጣብ ጨምሮ አገልግሎቱን አቆመች። በባሮነስ ጁሊያ ካምበርሌጅ የተመራው ምርመራ በ2020 ያወጣው ሪፖርት፣ ሴቶቹ ሕመማቸውን ሲናገሩ የሚሰማቸው እንዳጡና ከቀዶው በፊትም ስለ ጉዳቱ በወጉ እንዳልተነገራቸው አሳየ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጥፋት ይህ የመጨረሻው ነው። ክር ሊበላሽ ይችላል፤ የሰው ሥጋ ባዕድ ነገርን ሊጠላ ይችላል። ሴት ልጅ «አመመኝ» ስትል «ካንቺ ነው፣ ይለመዳል» ብሎ መመለስ ግን ከክሩ የመጣ አይደለም። ለዓመታት እንደዚያ እየተባሉ የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ጉዳቱንም ያባሰው ይኸው ነው።

እትዬ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ባልስማማ ይወጣል?»

«የእርሳቸው ቀለበት ይወጣል፤ በከረጢት ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነው። ጥብጣቡ ግን መረብ ነው፣ ሥጋው በቀዳዳው ውስጥ ያድግበታል። ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከባድ ቀዶ ነው፤ ከወጣም በኋላ ሕመሙ የማይለቃቸው አሉ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

«ዛሬ አይወስኑ። ግን ምርጫዎ እሱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ፤ እርስዎ ገና ምንም አልሞከሩም። ቀዶ ካስፈለገም ከራስዎ ሆድ ወይም ጭን ላይ የተወሰደ የጅማት ቁራጭ እንደ ጥብጣብ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ። ቁስሉ ትልቅ ነው፣ ማገገሚያውም ረዘም ይላል፤ ግን የራስዎ ሥጋ ነው። መረብ እንደሚገባ ወይም እንደማይገባ ግን ሳይፈርሙ በፊት በግልጽ ጠይቀው ያረጋግጡ።»

አዛውንቱ ጣልቃ ገቡ። «ያቺ የማኅበራችሁ ሰው ያስገባችው የትኛው ነው? ባትሪ አለኝ የምትለው።»

እትዬ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ እግራቸውን አጠላለፉ። ሴትየዋ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ፣ የትኛው ቡና ቤት ቁልፍ እንደሚሰጥ ጭምር፣ በቃሏ ታውቅ ነበር። የእሷ ሁለተኛው ዓይነት ነው፦ ማጣደፉ። ለዚህኛው መቆለፊያ ማጥበቅ አይረዳም፤ ያለ ሰዓቱ የሚኮማተረውን ፊኛ ማረጋጋት ያስፈልጋል። ክኒኑ ካልሠራ ወይም ካልተስማማ አንዱ አማራጭ በነርቭ በኩል መግባት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤሚል ታናጎና ሪቻርድ ሽሚት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠኑት ይህ ዘዴ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1997 ነው። ከወገብ በታች ባለው አጥንት ቀዳዳ በኩል፣ ፊኛውን ከሚያዝዘው ነርቭ አጠገብ፣ ቀጭን ሽቦ ይገባል። ሽቦው መቀመጫ ላይ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ ትንሽ ባትሪ ጋር ይያያዛል። ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ያለማቋረጥ እየላከ የነርቩን ንግግር ያስተካክላል።

ከቀለበቱም ከጥብጣቡም የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሳይተክሉት ይሞከራል። ባትሪው ከውጭ ሆኖ ሽቦው ብቻ ለጥቂት ቀናት ወይም ለሁለት ሳምንት ገደማ ይገባል። ሕመምተኛዋ ስንቴ እንደሄደች፣ ስንቴ እንዳመለጣት ትጽፋለች። ማምለጡ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ሽቦው ይወጣና ያበቃል። ከሁሉም የሚተከሉ ዕቃዎች ለሕመምተኛው ክብር የሰጠው ይህ አሠራር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ የወጡት ባትሪዎች ሲያልቁ በቀዶ ይቀየሩ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ግን ከውጭ በቻርጅ የሚሞሉ፣ ቢያንስ 15 ዓመት እንዲያገለግሉ የተሠሩ መጥተዋል።

ወሬው ወደ አገር ቤት የዞረው በእትዬ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ከጎጃም የመጣች የሩቅ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ፊስቱላ ሆስፒታል ሄደው ያውቃሉ። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 ያንን ሆስፒታል የከፈቱት በምጥ ብዛት ፊኛቸው ለተቀደደ እናቶች ነበር።

«እሷ ቀዳዳው ተዘግቶላት፣ 'ድነሻል' ተብላ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ግን መልሶ ይፈስባት ነበር። ሰው የእግዜር ቁጣ ነው አለ። ምን ሆኖ ነው እሱ?»

ነርሷ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም ነበር፤ ግን መልሱን ታውቃለች። ለቀናት የቆየ ምጥ የሚያጠፋው ፊኛውን ብቻ አይደለም። የሽንት ቧንቧውን፣ የመቆለፊያ ጡንቻውንና ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ደም እያሳጣ ይገድለዋል። ቀዳዳው በሚገባ ተሰፍቶም ቧንቧው አጥሮ ወይም ደርቆ የሚቀርባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ፊስቱላው ድኗል፤ ማምለጡ ግን አለ። ለእነዚህ ሴቶች የፕላስቲክ መረብ አይመከርም፤ ጠባሳ የሆነ፣ ደም የማይደርሰው ሥጋ መረብን አይችልም፣ ይበሳል። በኢትዮጵያ የፊስቱላ ሐኪሞች ከሴትየዋ ከራሷ ጡንቻና ጅማት ድጋፍ እየሠሩ ማንገት፣ ለአንዳንዶችም ሴትየዋ ራሷ የምታስገባውና የምታወጣው ትንሽ መድፈኛ መስጠት ሞክረዋል። ጨርሶ ሊጠገኑ ላልቻሉትም፣ ሽንታቸው በሆድ በኩል በከረጢት ለሚወጣው ጭምር፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተመሥርቷል።

«ይኼ ሮቶውስ? ለእነሱ አይሆንም?» አሉ አዛውንቱ።

«ሥጋው አይችለውም፤ ይበሳል። ቢችለው እንኳ፣ ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ ቱቦው ቢያፈስ ማን ያስተካክላል? ከገጠር ቀበሌ ተነሥታ፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ሽንቷ ታግቶ፣ ስንት ቀን ተጉዛ የሚቀይርላት ሐኪም ታገኛለች? ይህ ዕቃ ከጀርባው ሆስፒታል ይፈልጋል።»

አዛውንቱ አልተቃወሙም። መለዋወጫ የሌለው ፓምፕ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

መሽቷል። ነርሷ ለዩሮሎጂስቱ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። በዓመት ስንት ይተክላሉ? ኢንፌክሽን የገጠማቸው ስንት ናቸው? ከተበላሸ ማን ይጠግነዋል? ስግደት መቼ ይፈቀዳል? ይህን የመጨረሻውን ያጻፉት አዛውንቱ ናቸው።

ከዚያ አንድ ነገር አነሣች፤ አዛውንቱን ያስቆጣቸውም እሱ ነው። ፓምፑ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለ። ስትጫን ቀለበቱን ላላ እንዳለ ታቆየዋለች። ይህ ዕቃ ያለው ሰው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ቢገባ፣ እንደ ልማዱ ካቴተር ሊገባለት ይችላል። ቀለበቱ እንደተዘጋ ካቴተር በግድ ከገባ የሽንት ቧንቧው ይጎዳል፣ ይበሳልም፤ ዕቃው መውጣቱ አይቀርም። ካቴተር ከመግባቱ በፊት ቀለበቱ ላልቶ ቁልፏ መጫን አለባት፤ ካቴተሩም ቀጭን መሆንና ቶሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሕመምተኛው ካርድ ይይዛል፣ የእጅ አምባር ያደርጋል፣ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ያውቃል።

«ለልጆቼ ይነገር ነው የምትይው?»

«ለአንዱ፣ ጋሼ። ለአንዱ ብቻ።»

«የለም! አባታቸው በሽንት ቧንቧው ፓምፕ አስገጠመ ሲባል ይሰማ? ምን አደረግኩና!»

«ምን አደረግህና ታፍራለህ?» አሉ እትዬ። «እኔስ እስከ ዛሬ ካንተ ደብቄ ምን አተረፍኩ?»

ነርሷ አልገባችበትም። እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። አዛውንቱ ሞዴሉን ወደ ሣጥኑ መለሱ፤ ቱቦዎቹ እንዳይታጠፉ አንድ በአንድ እያስተካከሉ።

«ለትልቁ ልንገረው ወይስ አንቺ ትነግሪዋለሽ?»

«እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል። እኔ ቁልፏ የት እንዳለች አሳየዋለሁ።»

«እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይምጣ እንግዲህ» አሉና፣ ቅዳሴውን ራሳቸው እንደማይቆሙት ትዝ ብሏቸው «ከቅዳሴ መልስ፣ እዚሁ ቤት» ብለው አረሙት።